ግድቡ ከተመረቀ በኋላ ንፋስና ፀሐይ ለምን ያስፈልገናል? (ጥያቄውና 20 መልሶቹ)

መነሻ ጥያቄ። በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘን ሳለ ለንፋስና ለፀሐይ ጣቢያ ገንዘብና መሬት የምንመድበው ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ። የንፋስ ጣቢያዎቹን ሒሳብም አስቀመጠ፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120፣ አይሻ ሁለት 120፣ አሰላ 100 ሜጋ ዋት፣ ድምሩ 544። ወደ 300 የሚጠጋ ተርባይን ተተክሎ የግድቡን አንድ ዘጠነኛ እንኳ አይሞላም። በፀሐይ በኩል ደግሞ ጨረታና ውል ሲነገር ከመስማት በቀር ትልቅ ጣቢያ ቆሞ እንዳላየ ጨመረ። ጥያቄውን በቅንነት ነው ያቀረበው፤ ብዙ ሰውም ልቡ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው መልሶቹን በተራቸው እዚህ የማሰፍረው። የራሴ መልስ 12ኛው ነው፤ በየመሐሉም የማምንበትን እላለሁ።

1ኛ መልስ። አንዲት እህት መምህሩን አመስግና በሐሳቡ ተስማማች። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም ኤሌክትሪክ እንደማያገኝ አስታውሳ፣ ተጨማሪ ማመንጫ ከመትከል በፊት ያለውን ኃይል የሚያደርስ ምሰሶና ሽቦ ይቅደም አለች። አጭር ናት፤ ክሩ መጨረሻው ላይ ወደዚህችው ነጥብ ይመለሳል።

2ኛ መልስ። ዕድሜያቸውን በኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ያሳለፉ ጡረተኛ ጻፉ፤ እዚህ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ወጣቶቹ ፈረቃን ቶሎ እንደረሱት በማንሳት ጀመሩ። ግንቦት 2011 ዓ.ም የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ሲያንስ መብራት በፈረቃ መታደሉን፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይል መቋረጡንና መቀነሱን አስታወሱ። ከኃይሉ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውሃ የሚያገኝ አገር የክረምቱ እስረኛ ነው ባይ ናቸው። ቀጥለው የሥራውን ምስጢር አስረዱ። የአዳማና የአሸጎዳ ንፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ወንዙ በሚቀጥንበት ወቅት ማለት ነው። ንፋሱ ሲነፍስ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ከውሃው ተርባይን ጥቂት ይቀንሳል፣ ውሃው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቆያል፣ ንፋሱ ሲወድቅ ደግሞ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይተካዋል። በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ውድ ባትሪ ይገዛል፤ እኛ ግን የተከማቸ ውሃ አለን። ከሃያዎቹ መልሶች ይህን የሚያህል አላገኘሁም፤ የጥያቄው ሥር እዚህ ነው ያለው።

3ኛ መልስ። መምህሩ ራሱ ተመልሶ በአክብሮት ተከራከራቸው። የጊቤ ሐይቅና የአባይ ሐይቅ አንድ አይደሉም አለ። የህዳሴው ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በዓመት በአማካይ ወደ ድንበሩ የሚደርሰው የአባይ ውሃ 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። አንድ ክረምት ቢጎድል ሐይቁ ይችለዋል። ስለዚህ የ2011ዱ ፈረቃ ለዛሬ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ሲል ጨረሰ።

4ኛ መልስ። አንድ የመስመር ጥገና ባለሙያ የመምህሩን ቁጥር ተቀብሎ ሌላ በር ከፈተ። አንድ ክረምት ሳይሆን ተከታታይ ክረምቶች ሲከፉስ? ከዚያም በላይ ግድቡ ያለው በሱዳን ድንበር ጥግ ነው፤ ኃይሉ ወደ መሐል አገር በዋናነት የሚመጣው በደዴሳ አልፎ ሆለታ በሚገባ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ይህ መስመር አንዴ ቢወድቅ ሐይቁ ጢም ብሎ ሳለ ከተማው ይጨልማል። በምሥራቅ አይሻ፣ በመሐል አዳማና አሰላ፣ በሰሜን አሸጎዳ የተበታተኑ ጣቢያዎች ዋጋቸው በሜጋ ዋት ብቻ አይለካም፤ የቆሙበት ቦታም ዋጋ አለው አለ።

5ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። አንድ ተሳታፊ ፀሐይ ማታ የለችም፣ ደመና ሲመጣ የለችም፣ 100 ሜጋ ዋት ተብሎ የተጻፈ የፀሐይ ጣቢያ በአማካይ ከ20 እስከ 25 ሜጋ ዋት ቢሰጥ ነው፤ ይህን ሕዝብ በትልልቅ ቁጥር ማታለል ይቁም ሲል ጻፈ።

6ኛ መልስ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነች እህት ቁጥሩ ልክ እንደሆነ፣ መደምደሚያው ግን ልክ እንዳልሆነ መለሰችለት። ተመሳሳይ ሒሳብ ለግድቡ ይሠራ አለች። የህዳሴው ግድብ በዓመት ይሰጣል ተብሎ የታቀደው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። 5,150 ሜጋ ዋቱ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢሠራ ከ45,000 በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ግድቡም በአማካይ የሚሰጠው የአቅሙን 35 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥሩ የንፋስ ጣቢያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የትኛውም ማመንጫ የተጻፈለትን ሙሉ አቅም ቀንና ሌሊት አይሰጥም፤ ልዩነቱ ውሃው ሰዓቱን መምረጥ መቻሉ ነው፤ ጋሼ ያሉትም ይህንኑ ነው።

ለንፋሱም ቢሆን እውነቱን አልሸፈነችም። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ንፋስ አሸጎዳ ላይ የሚሰጠው ኃይል ባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል አለች። ጣቢያ ሲታቀድ ይህ መቆጠር አለበት። የምትወደውን ነገር ጉድለት ሳትደብቅ የምትከራከር ሰው መድረክ ላይ ብዙም አይገጥምም፤ አክብሬያታለሁ።

7ኛ መልስ። ወሬው ወደ ኩሽና ሄደ፤ ግን ከጉዳዩ የራቀ አይምሰላችሁ። አንዲት እናት ችግሩ ያለው ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ምድጃውን፣ ቴሌቪዥኑንና አምፖሉን በአንድ ላይ ሲያበራ ነው፤ እንጀራ ቀን ከተጋገረ ግን ፀሐይዋ ራሷ ትጋግረዋለች ሲሉ ጻፉ። መሐንዲሷ ወዲያው ሒሳቡን ሠራችው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ መቶ ሺህ ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰካ 350 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ አዳማ አንድ፣ አዳማ ሁለትና አሸጎዳ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ እንኳ በአንድ ላይ 324 ናቸው። ስለዚህ የምጣዱ ሰዓት የአገር ጉዳይ ነው። ቆጣሪው በቀን ሰዓት ርካሽ፣ በምሽት ውድ ቢቆጥር እናቶች ለውጡን በአንድ ሳምንት ያመጡታል ሲሉ እኚሁ እናት ዘጉት። ከቢሮ የወጡ ብዙ ዕቅዶች ይህን ያህል አይበስሉም።

8ኛ መልስ። ሌላው ደግሞ አሜሪካ ሄደ። ቴክሳስ በንፋስ ተማምና እ.ኤ.አ በየካቲት 2021 በበረዶ ጨለማ ውስጥ ወደቀች፤ ከዚያ ካልተማርን ከምን እንማራለን አለ። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ስለ ንፋስ የጻፉትን ሁሉ የፈረንጅ ተረት ደጋሚዎች አላቸው።

9ኛ መልስ። ዳላስ የሚኖር ወንድም በዚያው ሻካራነት መለሰለት። በዚያ ሳምንት ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያደረ ሰው እንደሆነ ገልጾ፣ ከመስመር የወጣው ትልቁ ኃይል የንፋስ ሳይሆን የጋዝ እንደነበር፣ ጉድጓዱም ቧንቧውም ማመንጫውም መቀዝቀዙን፣ የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብም ከጎረቤት ግዛቶች ጋር ያለው ግንኙነት ቀጭን ስለሆነ እርዳታ መቀበል እንዳልቻለ ጻፈ። ሳያጣሩ የሚጽፉ ሰዎች እንዲተዉት ሲጠይቅ ትንሽ ተሳድቧል፤ ስድቡን አልወደድኩለትም፣ ያለው ግን እውነት ነው።

10ኛ መልስ። ከሁሉም የሞቀው ይህኛው ነው። ከደመወዙ ተቆርጦ ቦንድ የገዛ፣ ከዚያም ደጋግሞ የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እዚህ የሚጻፈው ሁሉ ግድቡን ማሳነስ መስሎ ተሰማው። ድሃ ሕዝብ ከአፉ ነጥቆ የሠራውን ሥራ ገና ሳይደርቅ በሌላ ልታስረሱት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ቁጣውን ማንም ሊንቀው አይገባም። ያ ገንዘብ የልጆች ጫማና የቤት ኪራይ ነበር። ጋሼ ራሳቸው በትሕትና መለሱለት፤ ስሙን ጠርተው ልጄ አሉትና፣ የንፋስ ተርባይን በዞረ ቁጥር የእርሱ ሐይቅ ውሃ እንደሚጠራቀም፣ የእርሱ ቦንድ ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ ነገሩት። ከዚያ በኋላ አልጻፈም፤ የጋሼን መልስ ግን እንደወደደው ምልክት አድርጓል።

11ኛ መልስ። ባንክ ውስጥ የሚሠራ ተሳታፊ መምህሩ መነሻው ላይ የነካካውን የፀሐይ ጉዳይ አነሳ። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ዲቸቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት የፀሐይ ጣቢያዎችን የሳዑዲው አክዋ ፓወር በጨረታ አሸነፈ፤ ዋጋውም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በአፍሪካ ከተሰሙት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነው። የኃይል ግዥ ውሉም ተፈረመ። ጣቢያዎቹ ግን አልቆሙም። የመተሐራው 100 ሜጋ ዋትም አሸናፊ ካገኘ በኋላ ዓመታት አልፈውት ሳይገነባ ቀረ።

ምክንያቱን እንዲህ አብራራው። ባለሀብቱ ተበድሮ የሚገነባው በዶላር ነው፤ እኛ የመብራት ክፍያ የምንሰበስበው በብር ነው። ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ ማውጣት እንደሚችል ማን ዋስ ይሆነዋል? ብሔራዊ ባንክ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ዶላር ሲያብቃቃ ለኖረ አገር ይህን ዋስትና መስጠት ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብሩ በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ችግሩ ቅርጹን ቢቀይርም አልጠፋም፤ ያኔ ርካሽ የነበረው 2.526 ሳንቲም በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ግብፅን እንደ ማነጻጸሪያ አመጣ። አስዋን አቅራቢያ ያለው ቤንባን የፀሐይ መንደር ከ1,600 ሜጋ ዋት በላይ ይዞ እ.ኤ.አ በ2019 የተጠናቀቀው ፀሐይዋ ከእኛ ስለበለጠች ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ዋስ ሆኖ፣ ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች አብረው ፈርመው ነው።

12ኛ መልስ፣ የእኔ። የጻፍኩት ይህን ነበር። የባንክ ባለሙያው መቆለፊያውን አሳይቶናል፤ ቁልፉ ደግሞ ከአገር በሚወጣው መስመር ላይ ያለ ይመስለኛል። ለጅቡቲ ኃይል እንሸጣለን። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር በሚዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለኬንያ እንሸጣለን። ይህ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም ሲኖረው ሽያጩ የተጀመረው በ200 ነው። ከዚህ ገቢ የተወሰነው ተለይቶ በአንድ ሒሳብ ቢቀመጥና የንፋስና የፀሐይ አልሚዎች ዋስትና ቢሆን፣ ብሔራዊ ባንክ ለመድኃኒት የያዘውን ዶላር መንካት አያስፈልግም። ቦታም ስንመርጥ ነባር መስመርና የባቡር ሐዲድ አጠገብ ይሁን። አይሻ ላይ የጅቡቲው መስመርም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ያልፋል፤ መተሐራም ሐዲዱ ላይ ናት። ውሃው ይቆጠብ፣ የተቆጠበው ይሸጥ፣ የተሸጠው ለሚቀጥለው ጣቢያ ዋስ ይሁን። ግድቡንና ተርባይኑን ማፎካከር ትተን እነዚህን ሦስቱን እናያይዝ ነው ያልኩት፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

13ኛ መልስ። ድሬዳዋ ያለ ተሳታፊ በጅቡቲ ብዙ እንዳልተማመን አስጠነቀቀኝ። ጅቡቲ ራሷ እ.ኤ.አ በ2023 ጉቤት ላይ 60 ሜጋ ዋት የንፋስ ጣቢያ አስመርቃለች፤ ለትንሽ አገር ትልቅ ድርሻ ነው፤ ነገ ከእኛ የምትገዛው ሊቀንስ ይችላል። ክብደት ያለው ነጥብ ነው። ሆኖም የጉቤት ንፋስ በወደቀበት ሰዓት የሚተካው ከእኛ የሚሄደው ውሃ ነው፤ ሽያጩ መጠኑ ቢቀንስ እንኳ ሰዓቱ ውድ ይሆናል ብዬ መለስኩለት። እስካሁን በዚህ አልተስማማንም።

14ኛ መልስ። ናይሮቢ የሚኖር ወንድም የኬንያን ልምድ አመጣ። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች፣ 310 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ በ2017 ተተክለው አለቁ። ኃይሉን ወደ ሱስዋ የሚወስደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር ግን አላለቀም ነበር፤ ሥራውን የያዘው የስፔን ተቋራጭ ከሰረ፣ ሌሎች ተተክተው እስኪጨርሱት 2018 ገባ። በዚያ መካከል ኬንያ ላልተጠቀመችበት ኃይል ካሳ መክፈል ግድ ሆነባት። ሌላም ነገር አከለ፤ እ.ኤ.አ በ2021 ኬንያ ውስጥ ሜሩ ላይ የተቀመጠ ፍርድ ቤት የመሬቱ ባለቤትነት ማስረጃ የተገኘው ሕጉን ባልተከተለ መንገድ ነው ብሎ ፈረደ። አርብቶ አደሩ ሳይጠየቅ የተያዘ ግጦሽ ነበር ክርክሩ። ለአፋርና ለሶማሌ ክልል ዕቅዶቻችን ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት የለም።

15ኛ መልስ። ይህን ሳነብ ቆም ብያለሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አካባቢውን ሳይጠቅስ፣ ቤተሰቡ ተርባይኖች ካሉበት ቀበሌ እንደሆነ ጻፈ። ለመንገዱና ለመሠረቱ ከእርሻቸው የተወሰነው ተወሰደ፤ ካሳ አንዴ ተከፈለና አለቀ። በተረፈው መሬት ላይ ጤፉም ገብሱም እንደ ድሮው ይዘራል፤ ከብቱም ተርባይኑ ሥር ይግጣል፤ በድምፁም እንደተባለው ብዙ አልተቸገሩም። የሚያማቸው ሌላ ነው። ተርባይኑ ከቤታቸው ደጃፍ ይታያል፤ እናቱ ማታ የምትበላውን የምታየው በኩራዝ ነው። የታናሽ እህቱን ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ቀን ጠብቀው ወደ ከተማ ይልኩታል።

16ኛ መልስ። ከቤርሳቤህ የጻፈች እህት ወሬውን አቅጣጫ አስለወጠችው። እስራኤል እ.ኤ.አ ከ1980 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ቤት በፀሐይ የሚሞቅ የውሃ ጋን ጣሪያው ላይ እንዲኖረው በሕግ ታስገድዳለች፤ እዚያ ያለን ሰዎች ዱድ ሼሜሽ የምንለው አለች። ባትሪም ኢንቨርተርም የለውም፤ ጥቁር ሳህን፣ ቧንቧና ጋን ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚነሡትን አፓርታማዎች ስታይ በየቤቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ መተከሉ ያስገርማታል። ገንቢዎችን በዚህ ማስገደድ ከአንድ ጣቢያ አያንስም የሚል እምነት አላት። ብዙዎች ተስማሙላት፤ ጥቂቶች የከተማው ጣሪያ የውሃ ሮቶ መሸከሙ ይበቃዋል ብለው ተከራከሩ።

17ኛ መልስ። አቡ ዳቢ በፀሐይ ጣቢያ ጥገና የሚሠራ ወንድም ስለ አቧራና ሙቀት አስተማረን። እርሱ ባለበት አገር ያለው አል ዳፍራ ጣቢያ ብቻ ወደ 4 ሚሊዮን ፓኔል አለው፣ 2 ጊጋ ዋት ነው፤ በረሃ ውስጥ ፓኔል የሚጠረገው ውሃ በማይፈልግ ሮቦት ነው። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ፀሐይ ሲባል ሁሉም ሰው በረሃን ቢያስብም፣ ቀዝቃዛው ደጋችን ለፓኔል የሚመች መሬት ነው፤ ከተማና ነባር መስመርም እዚያው ቅርብ ነው። ለጥገና የሚሠለጥኑ ልጆች ከአሁኑ ይታሰቡ ሲልም አሳሰበ።

18ኛ መልስ። መምህሩ ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ። የጋሼንና የመሐንዲሷን ሒሳብ ለተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ገለጸ። በዋጋው ግን አሁንም አልረካም፤ ብድር ስንከፍል የምንኖርበትን ጣቢያ ከመትከል በፊት የባከነውን ኃይል በመስመር ጥገና ማዳን ይቀድማል ይላል። ከ1ኛዋ እህት ጋር የተገናኙት እዚህ ነው።

19ኛ መልስ። የመስመር ጥገና ባለሙያው ለ15ኛው ተማሪ በቀጥታ ጻፈለት። ከተርባይኖቹ የሚወጣው ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ስለሚሄድ ከዚያ ገመድ ላይ ለቤት መቀጠል አይቻልም፤ ለመንደሩ የሚያስፈልገው በአቅራቢያው ካለ የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት የስርጭት መስመር ተቀጥሎ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ትራንስፎርመር ነው። መስመሩ ከመንደሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ፣ ስንት አባወራ እንዳለ ጠየቀው፤ በግለሰብ ሳይሆን በቀበሌ ስም፣ የአባወራ ዝርዝር ተያይዞ እንዲጠየቅም መከረው። ወደፊት ለሚሠሩ ጣቢያዎች ደግሞ ይህ ከካሳው ጋር በውሉ ውስጥ ገብቶ፣ ተርባይኑ ከመቆሙ በፊት መንደሩ መብራት እንዲያገኝ መደረግ አለበት አለ።

20ኛ መልስ። ተማሪው የስርጭት መስመሩ የሚያልፈው ከትምህርት ቤታቸው ጀርባ እንደሆነ፣ ከመንደራቸውም በእግር ግማሽ ሰዓት እንደማይሞላ ጻፈ። የአባወራዎቹን ዝርዝር ከአባቱና ከቀበሌው ጸሐፊ ጋር ሆኖ ይይዛል፤ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት እዚህ እንዲታይለት ጠይቋል።